ነጭ የለበሰው ወህኒ፤ የኮልዲትዝ ግንብ ታሪክና እድሳት

ቤት ሲታደስ ደስ የማይለው ሰው የለም። የዘመመው ሲቃና፣ የሚያፈሰው ጣራ ሲከደን፣ የጠቆረው ግድግዳ ቀለም ሲቀባ ማየት የመኖርን ተስፋ ያለመልማል። ቤቱ ወህኒ የነበረ እንደሆነ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ሰው የታሰረበት፣ የተራበበት፣ የሞተበት ግድግዳ ነጭ ሲለብስ የሚታደሰው ምኑ ነው? ሕንፃው ነው ወይስ ትዝታው? ትዝታው ከሆነስ የማን ትዝታ ይታደሳል፤ የማንስ በቀለሙ ሥር ይቀራል? ይህን ጥያቄ ያሳደረብኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት በጀርመን አገር፣ በሳክሶኒ ክፍለ ሀገር፣ ኮልዲትዝ በምትባል ትንሽ ከተማ ያየሁት ግንብ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

ወደ ኮልዲትዝ የሳበኝ ቴአትር ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በዚህ ግንብ ታስረው ከነበሩት የጦር መኮንኖች መካከል ሁለቱ በቴአትር መድረክ ሥር ሾልከው ማምለጣቸውን በወጣትነቴ አንብቤ ነበር። ለተውኔት ጸሐፊ ከዚህ የበለጠ ምን ይገኛል? መድረኩ ራሱ የነፃነት በር ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ በሥራ ምክንያት ወደ ላይፕሲክ በሄድሁ ጊዜ የአንድ ባለ ሁለት ገቢር ተውኔት ንድፍ በማስታወሻ ደብተሬ ይዤ ነበር። ገጸ ባሕርያቱ ተመርጠዋል፤ ጀግናው ታውቋል፤ መጋረጃው የሚዘጋበት ቃል ሳይቀር ተጽፏል። የቀረኝ ቦታውን በዓይኔ አይቶ መመለስ ብቻ ነበር።

ከላይፕሲክ በስተደቡብ ምሥራቅ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ተጉዤ ከቀትር በፊት ደረስሁ። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ቤቶቿ በሙልደ ወንዝ ዳር ተኮልኩለዋል። ከቤቶቹ በላይ፣ በዐለት አፋፍ ላይ፣ ግንቡ ቆሟል። እኔ በአሳቤ ስዬው የሄድሁት ጥቁር፣ ጢስ የጠጣ፣ መስኮቶቹ በብረት ፍርግርግ የታፈኑ፣ ሰማዩን የሚያስፈራራ ወህኒ ነበር። በጦርነቱ ዘመን የተነሡት ፎቶግራፎችም የሚያሳዩት ይህንኑ የመሰለ ገጽታ ነው። ፊት ለፊቴ የቆመው ግን ለዓመት በዓል ነጭ የለበሰ ሽማግሌ ይመስል ነበር። እውነቱን ለመናገር ቅር አለኝ። የማላውቀው ሰው ተውኔቴን አንሥቶ፣ ጨለማውን ሁሉ ሰርዞ መልሶ ያስረከበኝ ያህል ተሰማኝ።

ብዙ ስም ያለው ቤት

ኮልዲትዝ ወህኒ ሆኖ አልተወለደም። ስሙ በጽሑፍ የሚገኘው ከ1046 ጀምሮ ነው። በ1083 ንጉሠ ነገሥት ሄንሪ አራተኛ ለግሮይች ጌታ ለቪፕሬኽት በስጦታ ሰጠው። በ1504 ከአንድ ዳቦ ጋጋሪ እጅ ያመለጠ እሳት ከተማዋንና ግንቡን አቃጠለ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና መሠራት ጀመረ። በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ የሳክሶኒው መስፍን አውጉስት አስፍቶና አስጊጦ የመሳፍንት መኖሪያ አደረገው። በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ደግሞ “ብርቱው” የሚል ቅጽል የወጣለት ሌላው አውጉስት ሁለተኛውን ግቢ ጨመረበትና የክፍሎቹ ብዛት ወደ 700 ደረሰ።

መሳፍንቱ ሲሰለቹት ድሆች ገቡበት። በ1803 ሥራና መጠለያ የሌላቸው ሰዎች በግዴታ የሚሠሩበት ቤት ሆነ። በ1829 የአእምሮ ሕሙማን መኖሪያ ተደረገና እስከ 1924 ድረስ፣ ማለት አንድ ምዕት ዓመት ለመሙላት ጥቂት እስኪቀረው፣ በዚሁ አገልግሎት ቆየ። ከሕሙማኑ አንዱ የታላቁ የሙዚቃ ደራሲ የሮበርት ሹማን ልጅ ሉድቪግ ነበር። በወጣትነቱ ገባ፤ ከሃያ ዓመት በላይ ኖረበት፤ በ1899 እዚያው ሞተ። አባቱ የጻፈው ዜማ በአውሮፓ አዳራሾች ሁሉ ሲሰማ ልጁ ከዚህ ግድግዳ በስተጀርባ ነበር።

ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት በ1933 ደግሞ ግንቡ ከመጀመሪያዎቹ የማጎሪያ ካምፖች አንዱ ሆነ። ኮሙኒስቶች፣ ሶሻል ዴሞክራቶችና ሌሎች የአዲሱ መንግሥት ተቃዋሚዎች ታጎሩበት። ከእነርሱም መካከል በኋላ ስለ ቡኸንቫልድ ካምፕ በጻፈው ልብ ወለድ ስሙ የገነነው ደራሲ ብሩኖ አፒትዝ ይገኝበታል። እንግዲህ ኮልዲትዝ የባዕድ አገር መኮንኖች ከመግባታቸው ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ በገዛ አገሩ ልጆች ላይ በሩን ዘግቶ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ ግንቡ ለዓለም የታወቀበት ታሪክም ተጀመረ። ጦርነቱ አልቆ አካባቢው በምሥራቅ ጀርመን ክልል ከዋለ በኋላ ሕንፃው እስከ 1996 ድረስ ሆስፒታልና የጧሪ አልባ አረጋውያን መኖሪያ ሆኖ አገለገለ። በእነዚህ ዓመታት በእንግሊዝ አገር ሌላ ኮልዲትዝ ይገነባ ነበር፤ የድንጋይ ሳይሆን የወረቀትና የፊልም። ከግንቡ ካመለጡት አንዱ የሆነው ፓት ሪድ መጽሐፉን በ1952 አሳተመ። በ1955 ፊልም ተሠራ፤ ከ1972 እስከ 1974 ደግሞ ቢቢሲ በተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ አቀረበው። እዚህ ነርሶች አልጋ ሲያነጥፉ፣ እዚያ ተዋንያን በካርቶን ግድግዳ ላይ ይንጠላጠሉ ነበር። እኔም በደብተሬ ይዤው የሄድሁት ኮልዲትዝ ይኸው ሁለተኛው፣ የወረቀቱ፣ መሆኑን የተረዳሁት ኋላ ነው።

መድረኩና የዘብ ቤቱ

የወረቀቱ ኮልዲትዝ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። ከ1940 መጨረሻ ጀምሮ ግንቡ “ኦፍላግ አራት ሲ” በሚል መጠሪያ የምርኮኛ መኮንኖች ልዩ ማቆያ ሆነ። ወደዚህ የሚላከው ከሌላ ካምፕ አምልጦ የተያዘ፣ ወይም ጀርመኖች አስቸጋሪ ነው ያሉት መኮንን ነው። ፖላንዳውያን፣ እንግሊዞች፣ ፈረንሳዮች፣ ቤልጂጎችና ሆላንዶች በአንድ ጠባብ ግቢ ተከማቹ። ጀርመኖች በማምለጥ የተካኑትን ሁሉ ለቅመው በአንድ ጣራ ሥር ሰበሰቧቸው፤ ሳያስቡትም የማምለጥ ትምህርት ቤት ከፈቱ። በሚያዝያ 1941 አለን ለ ሬይ የተባለ የፈረንሳይ መኮንን የመጀመሪያው ተመራቂ ሆነ።

በ1929 በተፈረመው የጄኔቫ ስምምነት መሠረት የተማረከ መኮንን በጉልበት ሥራ አይገደድም። የቀይ መስቀል ጥቅል ይደርሰዋል፤ ደብዳቤ ይጽፋል፤ መጽሐፍ ያነባል። ስለዚህ በኮልዲትዝ እስረኞች እጅ የነበረው ትልቁ ሀብት ጊዜ ነበር። ቋንቋ ተማሩበት፤ ሙዚቃ ተጫወቱበት፤ ቴአትር ሠሩበት፤ ከሁሉም በላይ የማምለጫ ዘዴ አሰቡበት። ሆላንዶቹ ማክስና ሞሪትዝ ብለው የሰየሟቸውን ሁለት አሻንጉሊቶች ካፖርት አልብሰው በቆጠራ ሰልፍ መካከል እያቆሙ ያመለጡትን ጓደኞቻቸውን ቦታ ይሸፍኑ ነበር። ዘቡ የሚቆጥረው ተዋናይ ነው፤ ሰውየው ግን ከመድረክ ወጥቷል።

እንግሊዛዊው ኤሪ ኒቭ በ1941 ነሐሴ ወር የጀርመን ወታደር መስሎ ለመውጣት ሞክሮ ነበር። የለበሰው ልብስ በቴአትር ማስጌጫ ቀለም የተቀባ ነበርና የፍለጋ መብራቱ ሲያርፍበት አረንጓዴ ሆኖ አበራ፤ እዚያው ተያዘ። ልብሰ ተውኔት በብርሃን ሳይፈተን መድረክ ላይ እንዳይወጣ የምናስጠነቅቀው በከንቱ አይደለም! ኒቭ ግን ከስሕተቱ ተማረ። ፓት ሪድና ጓደኞቹ ከመድረኩ ሥር ባገኙት ባዶ ቦታ በኩል ጣሪያ ሸንቁረው ወደ ዘቦቹ ቤት የሚወስድ መተላለፊያ አገኙ። ጥር 5 ቀን 1942 ማታ ኒቭና ሆላንዳዊው ቶኒ ሉተይን በተሻለ ሁኔታ የተሰፋ የጀርመን መኮንን ልብስ ለብሰው በዚያ ቀዳዳ ወረዱ። በዘቦቹ መካከል ተራምደው፣ ጉድባውን ተሻግረው፣ በባቡር ተጉዘው ከጥቂት ቀናት በኋላ ስዊዘርላንድ ገቡ። ይኸው ኒቭ በ1945 በኑረምበርግ ለናዚ መሪዎች የክሱን ጽሑፍ በየክፍላቸው ያደረሰ ሰው ነው። የተውኔቴ ጀግና ማን እንደነበር አንባቢ ገምቶታል።

ሁሉም ግን አልቀናውም። ማይክል ሲንክሌር የሚባለው መኮንን በ1943 አንድ ሽማግሌ የጀርመን ሳጂን መስሎ፣ ሪዙን ሳይቀር ተክሎ፣ ዘቦቹን በራሳቸው አለቃ ድምፅ ከቦታቸው ሊያነሣ ሞከረ። ትወናው ለጥቂት ደቂቃ ሠራ፤ ከዚያ ተነቃበት፤ በጥይትም ቆሰለ። በመስከረም 1944 በጠራራ ፀሐይ በአጥር ላይ ዘሎ ሲሮጥ ተተኩሶበት ሞተ። ከኮልዲትዝ ሲያመልጥ የተገደለ እርሱ ብቻ ነው።

በዚያው ዓመት በቤተ ጸሎቱ ጣሪያ ሥር፣ ከሐሰተኛ ግድግዳ በስተጀርባ፣ ቢል ጎልድፊንች፣ ጃክ ቤስትና ቶኒ ሮልት ከሌሎች ጋር ሆነው ሞተር አልባ አውሮፕላን ይሠሩ ነበር። አካሉ የወለልና የአልጋ እንጨት ነው፤ ቆዳው የመኝታ ከረጢት ጨርቅ ነው፤ ጨርቁን የሚወጥረው ሙጫ የተቀቀለ ማሽላ መሳይ እህል ነው። ከክንፍ እስከ ክንፍ አሥር ሜትር ያህል ይሰፋል። ከጣራው ላይ ሊያስፈነጥሩት ያሰቡትም በሲሚንቶ የተሞላ የመታጠቢያ ገንዳ ቁልቁል በመልቀቅ ነበር። አውሮፕላኑ ግን አልበረረም፤ ሚያዝያ 16 ቀን 1945 የአሜሪካ ጦር ደርሶ በሩን ከፈተው። ሞዴሉ በትክክለኛው መጠን ተሠርቶ፣ ሰው ሳይሳፈርበት፣ በ1912 ሳይሆን በእኛው ዘመን በ2012 ከዚያው ጣራ ላይ ተለቅቆ ወንዙን ተሻግሮ ሜዳው ላይ ሲያርፍ፣ እስረኞቹ ያሰቡት እብደት እንዳልነበረ ታየ።

እድሳቱ ምን አደረገ?

ከ1996 በኋላ ባዶ የቀረው ሕንፃ ሁለት ዕድል ነበረው፤ መፍረስ ወይም መታደስ። በ2006 እና በ2007 የሳክሶኒ መንግሥት ገንዘብ መድቦ ሰፊ እድሳት አካሄደ። ግድግዳዎቹ ከጦርነቱ በፊት የነበራቸውን መልክ እንዲይዙ ተቀቡ። የጀርመን አዛዦች ይኖሩበት የነበረው የውጭው ግቢ የወጣቶች ማረፊያ ቤት ሆነ። በግንቡ ውስጥ የሳክሶኒ የሙዚቃ አካዳሚም ገባበት። ጎብኚውን የሚቀበል ሙዚየም አለ፤ አስጎብኚዎችም አሉ።

በመጀመሪያ ያየሁት ነገር ፈገግ አሰኝቶኛል። ጀርባቸው ላይ ከረጢት ያዘሉ ልጃገረዶችና ጎረምሶች በበሩ ፊት ተሰልፈው አልጋ ይጠባበቃሉ። በዚህ በር ለመውጣት ሰዎች ሕይወታቸውን ይከፍሉ ነበር፤ ዛሬ ለመግባት ገንዘብ ይከፈልበታል። በልቤ “ይህ ሹፈት ነው” አልሁ። ነገር ግን ወዲያው ሌላ አሳብ ተከተለኝ። ወህኒ ሊደርስበት ከሚችል ዕጣ ሁሉ የልጆች ሳቅ የሚሰማበት ቤት ከመሆን የሚሻል ምን አለ? ሰው የማይኖርበት ሕንፃ ይሞታል፤ የሞተ ሕንፃ ደግሞ ለማንም አይመሰክርም።

ቤተ ጸሎቱ ውስጥ ስገባ ቅሬታዬ ይበልጥ ላላ። ዘጠኝ የፈረንሳይ መኮንኖች ከሰዓቱ ማማ ጀምረው፣ የሰዓቱ ክብደቶች በሚወርዱበት ቀዳዳ ቁልቁል ወርደው፣ ከምድር ቤቱ ተነሥተው በዚህ ቤተ ጸሎት ወለል ሥር 44 ሜትር ርዝመት ያለው መሿለኪያ ቆፍረው ነበር። ወራት የፈጀው ሥራ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው በጥር 1942 ተገኘ። አዳሾቹ ቤተ ጸሎቱን ወደ ጥንቱ ጌጥ መልሰውታል፤ ወለሉን ግን አልደፈኑትም። መስተዋት ገጥመውበት ጎብኚው በእግሩ ሥር ያለውን ጨለማ ቁልቁል እንዲያይ አድርገዋል። እኔ ይህን ከእድሳቱ ሁሉ አብልጬ ወደድሁት። ጉድጓዱን ቢደፍኑት ሐሰት በሆነ፤ ቤተ ጸሎቱን አፍርሰው ጉድጓዱን ብቻ ቢያሳዩም ሌላ ሐሰት በሆነ። መስተዋቱ ሁለቱንም ዘመን በአንድ ጊዜ ያሳያል። ላዩ ጸሎት ነው፤ ሥሩ ማምለጥ ነው፤ የቆመበት ሰው ሁለቱንም ይሸከማል።

የቃል ተራ ያልደረሳቸው

ያስጎበኙኝ በዕድሜ የገፉ ሴት ነበሩ። በቴአትሩ አዳራሽ ቆመን ስለ ኒቭ፣ ስለ መድረኩ፣ ስለ ቀዳዳው በተከታታይ ስጠይቃቸው በትዕግሥት መለሱልኝ። ሲጨርሱ ግን በረጋ ድምፅ፣ ከሩቅ አገር የሚመጣ ሁሉ ስለ መኮንኖቹ እንደሚጠይቅ፣ እርሳቸው ወጣት ሳሉ ግን ይህን ቤት የሚያውቁት በሕመምተኞቹ እንደሆነ ነገሩኝ። ስለ ሕመምተኞቹ የጠየቃቸው ጎብኚ ጥቂት ነው። ቃላቸው ወቀሳ አልነበረበትም፤ እኔ ግን ተወቀስሁ።

በዚያች ሰዓት ደብተሬን በልቤ ገለጥሁና ገጸ ባሕርያቴን ቆጠርሁ። ሁሉም መኮንኖች ናቸው። ሁሉም ከጦርነቱ በኋላ ብዕር የያዙ፣ ወይም ብዕር የያዘ ጓደኛ የነበራቸው ናቸው። ለምሳሌ በግንቡ ውስጥ መኮንኖቹን የሚያገለግሉ፣ የሚያበስሉላቸውና የሚያጸዱላቸው ተራ ወታደሮች ነበሩ። እነርሱም ምርኮኞች ናቸው፤ የማምለጡ ዕቅድ ግን የመኮንኖቹ ነበር እንጂ እነርሱን አይመለከትም ነበር። በወህኒ ውስጥ እንኳ ጌታና አሽከር አልተለያዩም።

ከመኮንኖቹም መካከል አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ቆሟል፤ ሕንዳዊው ሐኪም ቢሬንድራ ናት ማዙምዳር። በእንግሊዝ ጦር ውስጥ በሕክምና መኮንንነት ሲያገለግል በ1940 ፈረንሳይ አገር ተማረከ፤ ኮልዲትዝ ሲገባም በዚያ የነበረው ሕንዳዊ እርሱ ብቻ ነበር። የቆዳው ቀለም ያስነቃል ተብሎ በማምለጡ ዕቅድ እንዲገባ አልተፈቀደለትም። በ1942 ጀርመኖች ወደ በርሊን ወስደው ከሕንዱ የነፃነት መሪ ከሱባስ ቻንድራ ቦዝ ጋር አገናኙት፤ ከጀርመን ጎን የሚሰለፈውን የሕንዶች ጭፍራ እንዲገባም ተጠየቀ። ማዙምዳር የአገሩን ነፃነት የሚመኝ ሰው ነበር፤ ይሁን እንጂ የገባሁትን መሐላ አላፈርስም ብሎ ወደ ወህኒው ተመለሰ። የጠበቀው ምስጋና አልነበረም፤ ጥርጣሬ ነበር። ጓደኞቹ በሰላይ ዓይን ተመለከቱት።

በ1943 ሕንዶች ወዳሉበት ካምፕ ካልተዛወርሁ ብሎ እህል መቅመስ አቆመ። ጀርመኖቹ በመጨረሻ ተሸንፈው አዛወሩት። ሌሎቹ ከኮልዲትዝ በቀዳዳ፣ በገመድ፣ በልብሰ ተውኔት ሲወጡ ማዙምዳር በባዶ ሆዱ ወጣ። ከዚያም ፈረንሳይ ውስጥ ከነበረው ካምፕ አምልጦ በእግሩ ተጉዞ በ1944 ስዊዘርላንድ ደረሰ። ይህን ታሪክ በ1955ቱ ፊልም ውስጥ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። ማዙምዳር በእርጅናው የሰጠው የድምፅ ምስክርነት ባይቀረጽ ኖሮ ለወሬ ነጋሪ እንኳ ባልተረፈ።

ከግንቡ አፋፍ በታች፣ በዚያችው ከተማ፣ ሌላ ወህኒ ደግሞ ነበር። በጦርነቱ መጨረሻ በከተማዋ የሸክላ ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ የቡኸንቫልድ ቅርንጫፍ ካምፕ ተቋቁሞ በመቶዎች የሚቆጠሩ እስረኞች፣ ይበልጡኑ የሀንጋሪ አይሁዶች፣ ሀሳግ ለተባለው የጦር መሣሪያ ኩባንያ በባርነት ይሠሩ ነበር። እነዚህን የጄኔቫ ስምምነት አያውቃቸውም። የቀይ መስቀል ጥቅል አይደርሳቸውም፤ ጊዜም የላቸውም። ከላይ መኮንኖች በመኝታ ከረጢት ጨርቅ ክንፍ ሲሰፉ ከታች ሰዎች በረሃብ ይወድቁ ነበር። በሁለቱ ወህኒዎች መካከል ያለው ርቀት የአጭር መንገድ ያህል ነው፤ በትዝታ ሚዛን ግን አንዱ በዓለም ሁሉ የታወቀ፣ ሌላው በስም እንኳ የማይጠራ ነው።

ሕመምተኞቹስ? ከኮልዲትዝ አጠገብ በምትገኘው በቻድራስ የነበረው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል በ1940 እና በ1941 የሞት መሸጋገሪያ ሆኖ ነበር። ከእርሱና እርሱን ከመሰሉት ቤቶች የተጫኑ ሕሙማን ፒርና ወደሚገኘው ዞነንሽታይን ይወሰዱ ነበር። ዞነንሽታይንም እንደ ኮልዲትዝ የሳክሶኒ ግንብ ነው። በዚያ 13,720 የአእምሮ ሕሙማንና የአካል ጉዳተኞች በጋዝ ታፍነው ተገደሉ። ሉድቪግ ሹማን በአርባ ዓመት ዘግይቶ ተወልዶ ቢሆን ኖሮ መንገዱ ወዴት ይሆን እንደነበር ማሰብ ያስጨንቃል።

የመኮንኖቹ ታሪክ ለምን ተረፈ፤ የሌሎቹስ ለምን ሳሳ? መልሱን ያገኘሁት በሙዚየሙ ፎቶግራፎች ፊት ነው። የወህኒው የጥበቃ መኮንን ራይንሆልድ ኤገርስ በሙያው መምህር ነበር። የተያዙትን የሐሰት ቁልፎች፣ ገመዶች፣ ልብሶችና የጉዞ ወረቀቶች እየሰበሰበ ያከማች፣ ፎቶግራፍም ያስነሣ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ እርሱ ራሱ አሥር ዓመት በሶቪየቶች እጅ ታሰረና ሲፈታ መጽሐፍ ጻፈ። እንግዲህ የመኮንኖቹን ታሪክ እስረኛውም ጠባቂውም ጻፉት፤ ሁለቱም ወገን የተከበረ ጠላት ነበረው። የፋብሪካውን ባሮች ግን ጠባቂያቸው ሊጽፍላቸው አይሻም፤ እነርሱም አብዛኞቹ ለመጻፍ አልተረፉም። “የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም” ይላል የአገራችን ሰው። የተወጋው ከሞተስ ማን ያስታውስ?

ስለዚህ እድሳትን የምንመዝነው በቀለሙ ብቻ አይደለም። ሐውልት አዳሹም፣ የታሪክ ጸሐፊውም፣ ተውኔት ደራሲውም አንድ ሥራ ይሠራሉ፤ ሦስቱም ይመርጣሉ። አዳሹ ከዘጠኝ መቶ ዓመት ውስጥ የትኛውን ቀን ልመልስ ብሎ ይመርጣል፤ እኛም ከሺህ ሰው መካከል ለማን ቃል ልስጥ ብለን እንመርጣለን። መምረጥ በደል አይደለም፤ አለመምረጥም አይቻልም። በደል የሚሆነው የመረጥነውን ብቻ ሙሉው እርሱ ነው ብለን ስናቀርብና ቀሪውን ስንለስነው ነው። በኮልዲትዝ ቤተ ጸሎት ወለል ላይ የተገጠመው መስተዋት ለዚህ ጥሩ አብነት ነው። ለመኮንኖቹ የተደረገው ለድሆቹ፣ ለሕሙማኑ፣ ለ1933ቱ የፖለቲካ እስረኞች፣ ለማዙምዳር፣ ከታች ላለው ፋብሪካም ቢደረግ እወዳለሁ። በየወለሉ አንዳንድ መስተዋት ቢኖር፣ ነጩ ግድግዳ ቅር የሚያሰኝ ባልሆነ።

የማለዳውን ቅሬታዬንም መለስ ብዬ መረመርሁት። ግንቡ ለምን ጥቁር አልሆነም ብዬ ያዘንሁት ለእስረኞቹ ተቆርቁሬ ነበር? አልነበረም። ያዘንሁት ለተውኔቴ የሚስማማ ትርኢት ስላጣሁ ነበር። ጥቁሩን ግድግዳ የፈለግሁት እኔ ነኝ፤ ከውስጡ የነበሩት ሁሉ ግን ከጥቁሩ ግድግዳ ለመውጣት ነበር የሚሹት።

አመሻሹ ላይ ከግቢው ስወጣ ከሙዚቃ አካዳሚው በኩል አንድ ሰው ቫዮሊን ይለማመድ ነበር። የማን ዜማ እንደሆነ አላወቅሁም፤ ደጋግሞ እየተሳሳተ፣ ደጋግሞ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ያ የሹማን ልጅ ከሃያ ዓመት በላይ በኖረበት ቤት ውስጥ ሙዚቃ ሲሰማ ቆሜ አዳመጥሁ። ከዚያም ወርጄ አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ተቀመጥሁና ደብተሬን አወጣሁ። ኒቭን አልሰረዝሁትም፤ ድፍረቱ እውነት ነውና ቦታው ይገባዋል። ነገር ግን ከስሙ በላይ ባለው ባዶ መስመር ላይ አንድ የተራበ ሐኪም፣ አንዲት አልጋ የምታነጥፍ ነርስ፣ ስሙ ያልታወቀ አንድ የፋብሪካ እስረኛ ብዬ ጻፍሁ። ተውኔቱ ገና አላለቀም። ንግግራቸውን እስካሁን እየፈለግሁ ነው።